ከፍታና ከረሜላ፦ ካራሜል፣ የኦቾሎኒ ከረሜላና ቸኮሌት ከአዲስ አበባ ዳር

ኢንተርኔት ላይ የሚገኙ የካራሜል አሠራሮች አብዛኞቹ «118 ወይም 120 ዲግሪ እስኪደርስ አብስሉ» ይላሉ። ሱሉልታ፣ ቡራዩ ወይም ሰንዳፋ የሚኖር ሰው ይህን ሳያጓድል ቢፈጽም፣ በማግስቱ ቢላ የማይበግረው፣ ጥርስ ላይ ተጣብቆ አልላቀቅ የሚል ነገር ያገኛል። ከዚያ ስኳሩን ይወቅሳል፤ ቅቤውን ይወቅሳል፤ ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል ብሎ ያስቀምጠዋል። ጥፋቱ ግን የማናቸውም አይደለም። ያ ቁጥር የተጻፈው ባሕር ጠለል አጠገብ ለሚያበስል ሰው ነው። እኛ የምናማስለው ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ቆመን ነው።

ቃላቱን አስቀድመን እንለያቸው። ከረሜላ የምንለው ጠንካራውን፣ በአፍ የሚመጠጠውን ወይም ተሰብሮ የሚበላውን ነው። ካራሜል የምንለው በክሬምና በቅቤ የሚሠራውን፣ ለስላሳና የሚታኘከውን ነው። ስኳር ማቅላት ስንል ደግሞ ስኳሩን ብቻውን አቅልጦ ቀይ እስኪሆን ማድረስ ነው። ሦስቱም ከአንድ ስኳር ይወጣሉ፤ ከፍታ የሚነካቸው ግን በተለያየ መንገድ ነው።

ድስቱ ውስጥ ስንት ውኃ ቀረ?

ስኳርና ውኃ አብረው ሲፈሉ ውኃው በእንፋሎት ይወጣል፤ ስኳሩ ይቀራል። ውኃው ባነሰ ቁጥር ሽሮፑ የሚፈላበት ሙቀት ከፍ እያለ ይሄዳል። ከረሜላ ሠሪ ቴርሞሜትር የሚያየው በዚህ ምክንያት ነው፦ ቁጥሩ ድስቱ ውስጥ የቀረውን ውኃ ይነግረዋል። በባሕር ጠለል ላይ አንድ የስኳር ሽሮፕ 120 ዲግሪ ደረሰ ማለት ከመቶ 87 ያህሉ ስኳር ሆኗል፣ 13 ያህሉ ውኃ ነው ማለት ነው። 150 ሲደርስ ውኃው ከመቶ አንድ ያህል ብቻ ይቀራል። ለስላሳ ወይም ጠንካራ የሚያደርገው ይህ የቀረው ውኃ ነው።

አዲስ አበባ አካባቢ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ግፊቱ ሲያንስ ውኃ ለማምለጥ ይቀለዋል፤ ቶሎም ይፈላል። በየ300 ሜትሩ ከፍታ የውኃ መፍያ ሙቀት በግምት 1 ዲግሪ ይወርዳል። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ ውኃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ሱሉልታ ከ2,600 ሜትር በላይ ስለሆነች ወደ 91 ትወርዳለች። ወደ አቃቂ ሲወረድ ደግሞ 93 ይጠጋል። ሽሮፑም እንደ ውኃው ነው፤ በባሕር ጠለል 120 ላይ የሚደርሰው ክምችት እኛ ዘንድ 111 ወይም 112 ላይ ደርሶ ያበቃል። ከዚያ በኋላ 120ን እየጠበቅን ካማሰልን፣ ካራሜሉ ውስጥ መቅረት የሚገባውን ውኃ እያወጣን ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የራሳችሁን ኩሽና ለኩ። ውኃ ድስት ውስጥ አፍሉ። በደንብ ሲንተከተክ የቴርሞሜትሩን ጫፍ የድስቱን ሥር ሳይነካ አስገቡና 2 ደቂቃ ጠብቁ። 91.5 ካነበበ፣ ከ100 ስትቀንሱ 8.5 ይቀራል። ይህ የቤታችሁ ቁጥር ነው፤ ወረቀት ላይ ጻፉና ምድጃው አጠገብ ለጥፉት። አሠራሩ 118 ካለ እናንተ 109.5 ላይ ታወርዳላችሁ፤ 150 ካለ 141.5 ላይ። የዚህ ልኬት ሌላው ጥቅም ቴርሞሜትሩ ራሱ በአንድ ሁለት ዲግሪ የሚሳሳት ቢሆን እንኳ ስህተቱ አብሮ መስተካከሉ ነው። ቴርሞሜትሩ ቢያንስ እስከ 200 ዲግሪ የሚያነብ መሆን አለበት፤ የትኩሳት መለኪያ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

የማይቀነሱ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው የስኳር መቅላት ነው። ስኳር ብቻውን 160 እና 170 ዲግሪ አካባቢ ቀልጦ የሚቀላው ሞለኪውሉ በሙቀት ስለሚሰባበር ነው፤ የሚወጣ ውኃ ስለሌለ ከፍታ አያገባውም። ሁለተኛው ቸኮሌት ነው፤ እሱም ስብ እንጂ ውኃ አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ አንዴ መቀነስ ከተማረ ሁሉንም ይቀንሳል፤ ከዚያ ያልቀላ ካራሜልና ያልቀለጠ ቸኮሌት ያገኛል።

ቴርሞሜትር የሌለው ሰው አይጨነቅ። የቀዝቃዛ ውኃ ፈተና ከቴርሞሜትር የቆየ ነው፤ ከፍታም አያታልለውም፤ ምክንያቱም ሙቀቱን ትቶ በቀጥታ ውጤቱን ያሳያል። በሲኒ ቀዝቃዛ ውኃ ያዙ። ድስቱን ከእሳት አውርዱና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሽሮፕ ሲኒው ውስጥ ጣል አድርጉ። ከአፍታ በኋላ በጣት ሰብስቡት። ተድቦልቡሎ ከውኃው ሲወጣ ጠፍጠፍ ካለ ገና ለስላሳ ነው፤ ለሚፈስ ካራሜል ይሆናል። ቅርጹን ይዞ በጣት ሲጫኑት ብቻ የሚታዘዝ ከሆነ ለሚቆረጥ ካራሜል ደርሷል። ውኃ ውስጥ ገብቶ ክር ከሆነና ክሩ ሲታጠፍ እንደ ብርጭቆ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ለኦቾሎኒ ከረሜላ ደርሷል። በየፈተናው ውኃውን ለውጡ፤ ድስቱም በየጊዜው ከእሳት ይውረድ፤ እናንተ ሲኒ ላይ ስታተኩሩ ሽሮፑ ከደረጃው ያልፋልና።

ስኳሩ ለምን አሸዋ ይሆናል?

ሽሮፑ ጥሩ ሆኖ እየፈላ ሳለ በድንገት ይደፈርስና ድስቱ ሙሉ ነጭ አሸዋ ይሆናል። ስኳር ከውኃው ብዙ ሲሆን ሞለኪውሎቹ መልሰው ለመደርደር ይፈልጋሉ፤ መነሻ የምትሆናቸው አንዲት ያልሟሟች ቅንጣት ትበቃለች። ያቺ ቅንጣት ብዙ ጊዜ የምትገኘው ከሽሮፑ በላይ፣ የድስቱ ግድግዳ ላይ ተጣብቃ ነው።

የእኛ ስኳር አብዛኛውን ጊዜ ፍሬው ትልልቅ ነው፤ ለመሟሟት ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ በዝግታ እሳት ላይ፣ ከመፍላቱ በፊት፣ በማንኪያው ጀርባ ስታሹት ሻካራ ነገር እስኪጠፋ አማስሉ። ሲፈላ ማማሰሉን አቁሙ። ክዳኑን ለ2 ደቂቃ ግጠሙበት፤ እንፋሎቱ ግድግዳውን ያጥበዋል። ላዩ ላይ ግራጫ አረፋ ከወጣ በማንኪያ ግፈፉት፤ ከስኳሩ የመጣ ቆሻሻ ነው፤ ከቆየ ቶሎ ያርራል።

ከዚህ በላይ የሚረዳው ለመደርደር የሚያስቸግር ሌላ ዓይነት ስኳር መጨመር ነው። የኬክ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች የሚይዙት ግሉኮስ ሽሮፕ አለ። እሱ ከጠፋ ማር። ማር ውስጥ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ስላሉ ሰልፉን ይበትኑታል። ማርም ከሌለ ለ300 ግራም ስኳር አንድ የሻይ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ገና ሲጀመር ጨምሩ፤ አሲዱ የተወሰነውን ስኳር ወደ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ይሰብረዋል። ከሦስቱ ለካራሜል ግሉኮስ ይሻላል። ማር ጠረኑ ደስ ይላል፤ ግን ቶሎ ይቀላል፤ ከአየር እርጥበትም ይስባል፤ በክረምት ይህ ችግር ነው።

አሸዋ የሆነው ድስት አይደፋም። ስኳሩ እስኪሸፈን ውኃ ጨምሩበት፤ በዝግታ አሟሙትና ከመጀመሪያው ጀምሩ። የሚጠፋው ጊዜና ነዳጅ ብቻ ነው።

የሚቆረጥ ካራሜል

ወደ 450 ግራም ለሚወጣው፦ 200 ግራም ስኳር፣ 200 ሚሊ ሊትር ክሬም (ስቡ ከመቶ 35 የሆነ)፣ 100 ግራም ግሉኮስ ሽሮፕ ወይም 80 ግራም ማር፣ 60 ግራም ጨው የሌለው የገበታ ቅቤ፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው። ድስቱ ታቹ ወፍራም፣ ቢያንስ 3 ሊትር የሚይዝ ይሁን። ይህ ለአንድ እፍኝ ስኳር የበዛ ይመስላል፤ ክሬሙ ሲገባ ግን አረፋው በእጥፍ በሦስት እጥፍ ይነሣል፤ ትንሽ ድስት ይገነፍላል።

ቅቤ ላይ ትንሽ ማለት ያስፈልጋል። ከከተማው ዳር ያለ ሰው ለጋ ቅቤ በቅርቡ ያገኛል፤ የሸኖ ለጋ ስሙ የታወቀ ነው። ግን የሚናጠው ከረጋ ወተት ስለሆነ አሬራና የእርጎ ጠረን ይዞ ይመጣል። አሬራው አሲድ ስለሆነ ክሬሙን ሊቆራርጥ ይችላል፤ ውስጡ ያለው የወተት ቅሪትም ሥር ይይዛል። ለጋውን በቀዝቃዛ ውኃ ደጋግማችሁ እጠቡ፤ ውኃው ጠርቶ ሲወጣ ይሆናል። ከርሞ የበሰለ ቅቤ ፈጽሞ አይገባም። ንጥር ቅቤም እንዲሁ፦ አብሽና ኮሰረት ያለበት ካራሜል ወጥ ወጥ ይላል። ኮረሪማ ብቻውን ግን ሌላ ነገር ነው፤ መጨረሻ ላይ ሩብ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ኮረሪማ ቢገባ ካራሜሉን ያሳምረዋል።

ክሬም ውድ ነው፤ አንዳንዴም ይጠፋል። ምትኩ እንዲህ ይሠራል፦ ግማሽ ሊትር ስቡ ያልወጣለት ሙሉ ወተት ላይ በማንኪያ ጫፍ ቤኪንግ ሶዳ ጨምሩና በዝግታ እያማሰላችሁ 150 ሚሊ ሊትር እስኪቀር አፍሉት፤ ከዚያ ከላይ ከተጻፈው 60 ግራም ቅቤ ሌላ 50 ግራም ቅቤ ጨምሩ። ሶዳው የወተቱን አሲድ ስለሚያበርደው አይቆራረጥም፤ ቀለሙንም ያቀላዋል። ከጎረቤት በር የተገዛ ወተት ከሆነ መጀመሪያ ግማሽ ሲኒ አፍልታችሁ ፈትኑ፤ ሲፈላ ከተቆራረጠ ለእርጎ እንጂ ለካራሜል አይሆንም።

ክሬሙን፣ ግሉኮሱንና ጨውን በሌላ ድስት ሊፈላ ሲል እስኪደርስ አሙቁና ዝግጁ አድርጉ። በትልቁ ድስት የስኳሩን ሲሶ በመካከለኛ እሳት ላይ በትኑ፤ ያለ ውኃ። ጠርዙ ሲቀልጥ ወደ መሐል ሰብስቡት፤ ሁለተኛውን ሲሶ፣ ከዚያ ሦስተኛውን ጨምሩ። ቀለሙን ተከታተሉ። የጠጅ መልክ ሲይዝ ገና ነው፤ ጣዕሙ ጣፋጭ ብቻ ነው። ቀይ ማር ሲመስልና ስስ ጭስ ሊነሣ ሲል ደርሷል። ከዚህ በኋላ ያለው ጥቁር ቡና እስኪመስል ግማሽ ደቂቃ አይወስድም፤ ያን ጊዜ መሮ ይጣላል።

ደርሷል ስትሉ ድስቱን ከእሳት አውርዱና ትኩሱን ክሬም በሦስት ጊዜ አፍስሱ። እንፋሎት በኃይል ይወጣል፤ ፊታችሁንና ክንዳችሁን አርቁ፤ ልጆች ከኩሽና ይውጡ። የቀለጠ ስኳር ከፈላ ውኃ በ70 ዲግሪ ገደማ ይበልጣል፤ ቆዳ ላይም ይጣበቃል። ካቃጠለ ወዲያው የሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃ ሥር ለ20 ደቂቃ ያዙት፤ የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ ወይም እንቁላል አይቀባም። ክሬሙ ቀዝቃዛ ቢሆን ኖሮ ፍንጥርጣሪው ይብሳል፤ ስኳሩም በአንዴ ይጠጥራል። የጠጠረ ነገር ካለ አትደንግጡ፤ በዝግታ እሳት ይሟሟል።

ሁሉም ሲዋሐድ ቅቤውን ቆራርጣችሁ ጨምሩ። ከዚህ በኋላ ነው የቤታችሁ ቁጥር የሚሠራው። እሳቱን ከመካከለኛ ዝቅ አድርጉ፤ የድስቱን ሥር ሳትለቁ አማስሉ፤ ከ118 እስከ 120 ካለው ላይ ቁጥራችሁን ቀንሱ። 8.5 ከሆነ 109.5 ለስለስ ያለ፣ 111.5 ጠንከር ያለ ካራሜል ይሰጣል። እዚህ ላይ ሁለት ዲግሪ ትልቅ ልዩነት ነው፤ የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎች ዓይናችሁን ከቴርሞሜትሩ አታንሡ። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይወስዳል። 18 በ18 ሴንቲ ሜትር የሆነ ትሪ ላይ የመጋገሪያ ወረቀት አንጥፉ፤ ወረቀቱን ዘይት ቅቡ፤ አፍስሱ። የድስቱን ጠርዝ አትጥረጉ፤ እዚያ የደረቀ ስኳር አለና ሁሉንም ያሻክራል። ሌሊቱን ይደር፤ በማግስቱ ዘይት በተቀባ ቢላ ቁረጡ።

የሚበላሽበትን መንገድ ካወቃችሁ የሚጣል ካራሜል የለም ማለት ይቻላል። ከደረቀ ከ3 እስከ 4 የሾርባ ማንኪያ ውኃ ጨምራችሁ በዝግታ አቅልጡት፤ ከበፊቱ በ2 ዲግሪ ዝቅ ብላችሁ አውርዱ። በጣም ከለሰለሰና ካልያዘ መልሳችሁ አብስሉ። ቅቤው ተለይቶ ላዩ ላይ ከተንሳፈፈ እሳቱ በዝቶ ወይም ማማሰሉ ቀርቶ ነው፤ 2 የሾርባ ማንኪያ የሞቀ ውኃ ጠብ እያደረጋችሁ በዝግታ እሳት አጥብቃችሁ ምቱት፤ መልሶ ይዋሐዳል፤ ከዚያ እንደገና እስከ ቁጥሩ አብስሉ። መሐል ላይ መብራት ቢጠፋም እንዲሁ ነው። ካራሜሉ ድስቱ ውስጥ ይቀዝቅዝ፤ ክደኑት፤ መብራት ሲመጣ ወይም ከሰል ሲያያዝ ትንሽ ውኃ ጨምራችሁ ቀጥሉ። የኤሌክትሪክ ምድጃ ከጠፋ በኋላም ሽቦው እየጋለ ስለሚቆይ ድስቱን አንሥታችሁ ሌላ ቦታ ማስቀመጥ አትርሱ።

በከሰል ለሚሠራ ደግሞ፦ ስኳሩን ለማቅላት ፍሙ ይጋል፤ ለመጨረሻው ማማሰል ግን አመድ አልብሱት። የነበልባሉን ያህል ሳይሆን የድስቱን ርቀት ነው የምትቆጣጠሩት፤ ድስቱን እያነሡ ማውረድ የከሰል ቁልፍ ነው።

ኦቾሎኒ

ከሁሉ በፊት መልቀም። ኦቾሎኒ በማሳም በመጋዘንም ርጥበት ሲያገኝ የሚበቅልበት ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያመነጫል። መርዙ በመቁላት ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ ስኳር ውስጥ ስለተቀቀለም አይጠፋም። የሚረዳው ዓይንና ጣት ነው። የተጨማደደውን፣ የጠቆረውን፣ አረንጓዴ ወይም ቢጫ አቧራ ያለበትን፣ ሲሰበር ውስጡ የተለወጠውን አውጡ፤ ሲቀመስ የመረረውንም ትፉት። ይህ ሥራ ሰነፍ አይወድም፤ ለሰው የምትሸጡ ከሆነ ደግሞ እጥፍ ጥንቃቄ ይገባዋል።

ብረት ምጣድ ላይ በመካከለኛ እሳት ሳታቋርጡ እያገላበጣችሁ 15 ደቂቃ ያህል ቁሉት። ቡና የሚቆላ ሰው ድምፁን ያውቀዋል፤ ኦቾሎኒም መሰነጣጠቅ ሲጀምር ቅርብ ነው። አንዷን ለሁለት ክፈሉ፤ ውስጧ ፈዛዛ ቡናማ ሲሆን አውርዱ፤ ከወረደ በኋላም በራሱ ሙቀት ይበስላል። በፎጣ አሹና ገለባውን በሰፌድ አበጥሩት።

ለከረሜላው 300 ግራም ስኳር፣ 80 ሚሊ ሊትር ውኃ፣ 60 ግራም ግሉኮስ ወይም ማር፣ 250 ግራም የተቆላ ኦቾሎኒ፣ 30 ግራም ቅቤ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨውና አንድ የሻይ ማንኪያ የተነፋ ቤኪንግ ሶዳ ያስፈልጋል። ሁሉንም ለክታችሁ፣ ትሪውን ዘይት ቀብታችሁ ካላዘጋጃችሁ አትጀምሩ፤ ከሽሮፑ ማብቃት እስከ መጠጠሩ ያለው ጊዜ ሁለት ደቂቃ ነው። ኦቾሎኒው ሞቅ ብሎ ይጠብቅ፤ ቀዝቃዛ ከገባ ሽሮፑ ዙሪያውን ወዲያው ይጠጥራል፤ አይለጠጥም።

ስኳሩን፣ ውኃውንና ግሉኮሱን አሟሙ፤ አፍሉ፤ ከ150 ላይ ቁጥራችሁን ቀንሳችሁ እዚያ አድርሱ፤ 141 ወይም 142 ማለት ነው። እዚህ አንድ ነገር ታያላችሁ፦ ሽሮፑ ቀጭ ብሎ የሚሰበርበት ደረጃ ደርሶም ፈዛዛ ይሆናል። ለመቅላት ሙቀት ስላልደረሰ ነው። ቀለምና ጣዕም የምትፈልጉ ከሆነ እስከ 150 ብትቀጥሉ አይጎዳም፤ ሊወጣ የሚችለው ውኃ ከወጣ በኋላ ስለሆነ ከረሜላው ከዚያ በላይ አይጠጥርም፤ ይቀላል እንጂ። ለዚህ ነው ከካራሜል ይልቅ የኦቾሎኒ ከረሜላ ለጀማሪ የሚመቸው፤ በከፍታ ምክንያት የሚመጣ ስህተትን ይታገሣል።

አውርዱ፤ ቅቤና ጨው፣ ከዚያ ኦቾሎኒ፣ መጨረሻ ሶዳውን ጨምራችሁ አምስት ስድስት ጊዜ ብቻ አማስሉ። ሶዳው አረፋ ያነሣል፤ በሺህ የሚቆጠሩ ትንንሽ ቀዳዳዎች ስለሚቀሩበት ከረሜላው ለጥርስ ይሳሳል። አብዝታችሁ ካማሰላችሁ አየሩ ይወጣል። አፍስሱ፤ በሁለት ሹካ ጠርዙን ይዛችሁ ወደ ውጭ ሳቡት። ሲቀዘቅዝ ስበሩት። ጥርስ ላይ የሚጣበቅ ከሆነ ሽሮፑ ገና ነበር ማለት ነው።

ለጾም ቅቤውን በአንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ተኩት። ሰሊጥም በዚሁ አሠራር ይሆናል፤ በ250 ግራም ኦቾሎኒ ፋንታ 200 ግራም ፈዘዝ ተደርጎ የተቆላ ሰሊጥ፤ ሶዳውን ተዉት፤ ትኩሱን በሁለት ወረቀት መሐል አድርጋችሁ በዘይት ጠርሙስ ዳምጡት።

ቸኮሌት

ካካዎ ደጋ አይወድም፤ ዝናብና ሙቀት ያለበት ቆላ ይፈልጋል። ከዓለም ምርት ከግማሽ በላዩ የሚመጣው ከአይቮሪ ኮስትና ከጋና ነው። ቸኮሌትን ለመሥራት ግን ደጋ ከቆላ ይሻላል። ቸኮሌት የሚወደው የክፍል ሙቀት ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ነው፤ በሞቃት አገር ያለ ሠሪ ለዚህ ኤሲ ይገዛል፤ እኛ መስኮት መዝጋትና መክፈት ይበቃናል።

ከመግዛታችሁ በፊት ጀርባውን አንብቡ። «የካካዎ ቅቤ» የሚል ከሆነ እውነተኛ ቸኮሌት ነው። በእሱ ፋንታ የአትክልት ወይም የፓልም ስብ ከተጻፈ ኮምፓውንድ የሚባለው ነው። ኮምፓውንድ 45 ዲግሪ ላይ ቀልጦ፣ ያለ ምንም ዝግጅት ይደርቃል፤ ዋጋውም ይቀላል። ለመለማመጃና ለልጆች ድግስ አይከፋም፤ አፍ ውስጥ ግን ሰም ሰም ይላል። የጾም ለሚፈልግ የወተት ዱቄት እንደሌለበት ማየት ያስፈልጋል፤ ጥቁር መልክ ብቻውን አያስተማምንም።

እውነተኛው ቸኮሌት ቀልጦ ዝም ተብሎ ከቀዘቀዘ ይደበዝዛል፤ ነጭ ነጭ ጥላ ያወጣል፤ ሲነኩት ይለሰልሳል። ንጥር ቅቤን አስቡ፦ ማሰሮ ውስጥ በዝግታ ሲረጋ ፍሬ ፍሬ ይሆናል፤ ቶሎ ሲረጋ ልስልስ። ቅቤው ያው ሆኖ አረጋጉ ነው የተለያየው። የካካዎ ቅቤ ደግሞ የሚረጋበት ስድስት ዓይነት ቅርጽ አለው። አምስተኛው ብቻ ነው የሚያብረቀርቀው፣ ቀጭ ብሎ የሚሰበረው፣ 34 ዲግሪ አካባቢ አፍ ውስጥ የሚቀልጠው። ቴምፐር ማድረግ የሚባለው ስቡን ወደዚህ ቅርጽ መምራት ነው።

ቀላሉ መንገድ በዘር ነው። 400 ግራም ጥቁር ቸኮሌት ቀጭን አድርጋችሁ ክተፉ፤ 130 ግራሙን ለይታችሁ አስቀምጡ። ቀሪውን የውኃ እንፋሎት ላይ ባለ ጎድጓዳ ሳህን አቅልጡ፤ ሳህኑ ውኃውን አይንካ፤ ውኃውም አይንተክተክ። ከ45 እስከ 48 ሲደርስ አውርዱ፤ የሳህኑን ታች በፎጣ አድርቁ። ለይታችሁ ያስቀመጣችሁትን ጨምራችሁ ሳታቋርጡ አማስሉ። ያልቀለጠው ቸኮሌት ጥሩውን ቅርጽ እንደያዘ ስለሆነ ለሌላው ዘር ይሆነዋል። ቴርሞሜትሩ 31 ወይም 32 ሲያነብ ዝግጁ ነው፤ የወተት ቸኮሌት ከሆነ 29 ወይም 30። እነዚህ ቁጥሮች ሱሉልታም ሆነ ጅቡቲ ያው ናቸው።

የቢላ ጫፍ ነክራችሁ አስቀምጡ። በ5 ደቂቃ ውስጥ አብረቅርቆ ከደረቀ ቀጥሉ። ከደበዘዘ ወይም ካልደረቀ ጥቂት ክትፍ ቸኮሌት ጨምራችሁ አማስሉ። በሥራ መሐል ሲወፍር እንፋሎቱ ላይ ለጥቂት ሰከንድ መልሱት፤ ከ34 ካለፈ ግን ዘሩ ሁሉ ቀልጧልና ከ45 እንደገና ይጀመራል።

የቸኮሌት ጠላት ውኃ ነው፤ ብዙው ሳይሆን ጥቂቱ። አንድ ጠብታ እንፋሎት ሲገባ ደረቁ የስኳር ብናኝ ይረጥብና እርስ በእርሱ ይጣበቃል፤ የሚፈሰው ቸኮሌት በአንድ ጊዜ ሊጥ ይሆናል። እርጥብ ማንኪያ፣ በደንብ ያልደረቀ ሳህን፣ ከክዳን የተንጠባጠበ ላብ ይበቃዋል። ለመንከሪያ አይመለስም። በጥቂት የሾርባ ማንኪያ የፈላ ወተት ወይም ውኃ ብትመቱት ግን ጥሩ የኬክ ማልበሻ ይወጣዋል።

የሚነከረው ካራሜል የክፍሉን ሙቀት የያዘ ይሁን። ከፍሪጅ የወጣ መሐል ቸኮሌቱ ከደረቀ በኋላ ሲሞቅ ያብጣል፤ ልባሱን ይሰነጥቀዋል። በሹካ ነክራችሁ አውጡ፤ ሹካውን የሳህኑ ጠርዝ ላይ መታ መታ አድርጉ፤ ታቹን ጥረጉና ወረቀት ላይ አንሸራቱት። ለኦቾሎኒ ድቡልቡል 300 ግራም ቴምፐር የተደረገ ቸኮሌት ለ200 ግራም ኦቾሎኒ ይበቃል፤ እዚህ ግን ኦቾሎኒው ፈጽሞ የቀዘቀዘ መሆን አለበት፤ ከሞቀ ዘሩን ያቀልጠዋል። ከከረሜላው ተቃራኒ መሆኑን ልብ በሉ።

ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱ በጣም ስለሚቀዘቅዝ በማለዳ አትሥሩ። ቸኮሌቱ ቀዝቃዛ ትሪና ቀዝቃዛ መሐል ሲያገኝ በድንገት ይረጋል፤ ይዥጎረጎራል። እኩለ ቀን ገደማ፣ ክፍሉ ሞቅ ሲል ጥሩ ነው። ፍሪጅ ውስጥ አታስቀምጡ፤ ሲወጣ ላብ ያወጣል፤ ላቡ ስኳሩን አሟሙቶ ሲደርቅ ሻካራ ነጭ ሽፋን ይተዋል። በጣት ሲታሽ የሚጠፋው ነጭ የስብ ነው፤ ሻክሮ የሚቀረው የስኳር ነው። ሁለቱም አይጎዱም፤ የመጀመሪያው የቴምፐር ጉድለት፣ ሁለተኛው የእርጥበት ምልክት ነው።

ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ርጥበት ለከረሜላ ከባድ ነው። የኦቾሎኒ ከረሜላ ክፍት ከተተወ በሰዓታት ውስጥ ይላላል፤ ስለዚህ ገና ለብ እንዳለ ሰብራችሁ፣ ፈጽሞ ሲቀዘቅዝ ወዲያው አየር የማያስገባ ክዳን ባለው ጠርሙስ ክተቱት። ካራሜል አንድ በአንድ በወረቀት ይጠቀለል፤ ሳይጠቀለል አብሮ የተቀመጠ በሁለተኛው ቀን አንድ ጉብታ ይሆናል። በክረምት ለሚሠራ ካራሜል ከዒላማው ላይ 1 ዲግሪ ጨምሩ፤ አየሩ የሚመልስበትን ውኃ ያካክሳል። ወደ አዳማ ወይም ድሬዳዋ የሚላክ ከሆነ ቸኮሌቱን ትታችሁ የኦቾሎኒ ከረሜላውን ላኩ፤ እዚያ የቀትር ሙቀት ከቸኮሌት መቅለጫ ሊደርስ ይችላል። ለሰው ስትሰጡም ሆነ ስትሸጡ ኦቾሎኒ እንዳለበት ተናገሩ፤ ማሸጊያውም ላይ ጻፉት፤ ለአንዳንድ ሰው ጥቂቷ እንኳ ሕይወት ላይ አደጋ ታመጣለች።